የቃሉ ጅራት

“ላ… ሪን… ጀክ… ቶ… ሚ።”

ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ደጋግማ አለችው። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። እሷ መስኮቱ ሥር ተጣብቃ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ፣ አፏ ሙሉ ውሃ እንደያዘ ሰው ተጠንቅቃ ተቀምጣለች። አጠገቧ የነበሩት አሮጊት ጸሎት መስሏቸው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉና “አሜን” አሉ።

“ሂሳብ፣ እናቴ!” አለ ረዳቱ።

ዝርዝሩን ዘረጋችለት።

“የት ነሽ ወራጅ?”

በጣቷ ወደ ፊት ጠቆመችው።

“ምነው፣ ዲዳ ነሽ እንዴ?”

ሰው ሳቀ። አፏን ከከፈተች ቃሉ የሚፈስባት መስሏት ነበር።

ቃሉን የሰማችው ጠዋት፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሐኪሞቹ የባሏን አልጋ ከብበው በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ፣ ከዚያ ሁሉ ወሬ መካከል አንድ ቃል እየተመላለሰ ጆሮዋን ያዘው። የቃሉን ፊት፣ ‘ላሪን’ የሚለውን፣ ታውቀዋለች። ፊቱንማ ቤታቸው ውስጥ የማያውቀው የለም። ባለፈው ወር በባሏ አፍ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ጉሮሮውን ሲያዩት፣ የምርመራው ስም “ላሪንጎስኮፒ” ይባላል ብለውት ነበር፤ እሱም እንደ ልማዱ ቀልድ አደረገው።

ባሏ የመናኸሪያ ተጣሪ ነው። ሾፌሩም፣ ሻይ ሻጯም፣ ፖሊሱም ሳይቀር “ጡሩምባ” ነው የሚሉት፤ እናቱ ያወጡለትን ስም ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። በሩ ላይ ቆሞ ሲጣራ፣ መጨረሻው መደዳ ላይ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ የተኛ ሾፌር ይነቃል ይባልለት ነበር። ድምፁ መሻከር ሲጀምር አቧራው ነው አለ። ከዚያ ጉንፋን ነው አለ። ከዚያ ደግሞ እርጅና ነው ብሎ ሳቀ። ከምርመራው በተመለሰ ዕለት በዚያ አሸዋ በሞላው ድምፅ “ላሪንጎስኮፒ! ላሪንጎስኮፒ! የሞላ! አንድ ሰው የቀረው!” እያለ ተጣርቶ መናኸሪያውን በሳቅ ገደለው። አንዲት መንገደኛ እንደውም “ስንት ነው ሂሳቡ?” ብላ ሻንጣዋን አነሣች አሉ።

የዛሬው ቃል ግን ጅራቱ ሌላ ነው። ፊቱ ያው፣ ጅራቱ ሌላ። ሐኪሞቹ ወደሚቀጥለው አልጋ ሲያልፉ የባሏን ታላቅ ወንድም እጅጌ ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻቸው።

“ጋሼ፣ ይሄ ነገ የሚያደርጉለት ነገር ስሙ ልዩ ነው’ኮ።”

“ያው ነው” አሉ። “እንደ ባለፈው ነው። ያቺን ቁስል ጠርገው ይወጣሉ። ለእንግሊዝኛው ምን አስጨነቀሽ?”

ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አንሥተው ግድግዳው ላይ ተከሉት። አላስቀምጥ ያለቻት ያቺ ዓይን ናት።

ባሏ ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ “ሂጂ ሥራሽን ሥሪ እንጂ” አላት በሻከረው ድምፁ። “የቲቸርን ቀሚስ ሳታደርሺ ብትቀሪ፣ ሴትዮዋ እዚህ ድረስ መጥተው በእንግሊዝኛ ነው የሚሰድቡሽ።”

ከአውቶቡሱ ወርዳ ወደ ሱቋ ስትፈጥን ቲቸር ደጃፉ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህርት ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ አስተምረዋል፤ ያላስተማሩትንም ግማሽ ቢሆን መንገድ ላይ አቁመው ያርሙታል። አንድ ጊዜ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ማስታወቂያ ላይ የጎደለች አንዲት ፊደል በገዛ ቀለማቸው ጨምረውበታል።

“ሠርጉ ከነገ ወዲያ ነው” አሉ ሲገቡ። “ራቁቴን እንድሄድ ነው ያሰብሽው?”

“ይቅርታ ቲቸር። ዛሬ ያልቃል።”

ቀሚሱን አለበሰቻቸውና መስታወቱ ፊት አቆመቻቸው። እስፒሎቿን በከንፈሯ ነክሳ ተንበረከከችና ጠርዙን ማጠፍ ጀመረች። አንዱን ጎን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጋ ያዘችው፤ ፈታችና ደግማ ያዘችው፤ ሦስተኛውን ስትሰካ ቲቸር ዘለሉ።

“ወጋሽኝ’ኮ! ዛሬ እጅሽ ምን ነካው?”

እስፒሎቹን ከአፏ አወጣችና መዳፏ ላይ ያዘቻቸው።

“ቲቸር፣ አንድ ቃል ልጠይቅዎት?”

“ምን ቃል?”

“ላሪንጀክቶሚ።”

“ድገሚው እስቲ።”

ደገመችው። የቲቸር ፊት በራ። ትምህርት ቤቱን ከለቀቁ ወዲህ ሰው ዋጋ እንጂ ቃል ጠይቋቸው አያውቅም።

“አየሽ፣ ረጅም ቃል አያስፈራሽ። ረጅም ቃል ማለት አጫጭሮቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው። ነይ፣ ተነሺ። መዳፍሽን እንዲህ አገጭሽ ሥር አድርጊ። አሁን ቀስ ብለሽ በይው። አገጭሽ እጅሽን በተጫነ ቁጥር አንድ ክፍለ ቃል ነው።”

ሁለቱ ሴቶች፣ አንዷ በእስፒል የተያያዘ ቀሚስ ለብሳ፣ አንዷ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ መስታወቱ ፊት አገጫቸውን ደግፈው “ላ፣ ሪን፣ ጀክ፣ ቶ፣ ሚ” አሉ። ከጎን ያለው ጫማ ሰፊ አንገቱን አስግጎ አያቸውና የጥርስ ሕመም መሰለው።

“ይነቀል፤ ይሻላል!” ብሎ ተመለሰ።

“አምስት” አሉ ቲቸር። “ከየት ነው ያመጣሽው?”

“ሆስፒታል ሰምቼው ነው። ባለፈው ደግሞ ላሪንጎስኮፒ ነበር ያሉት። አንድ ናቸው?”

“ላ፣ ሪን፣ ጎስ፣ ኮ፣ ፒ። እሱም አምስት። በአገጭ ብንቆጥራቸው እኩዮች ናቸው።”

ልብስ ሰፊዋ ከጠዋት ጀምሮ ይዛው የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀች። “እና አንድ ናቸው ማለት ነው።”

“ቆይ፣ አትቸኩዪ። ይሄ የአፍ አቆራረጥ ነው፤ እንዳይከብድሽ፣ ለማንበቢያ። ለትርጉም ሲሆን ሌላ ቦታ ነው የሚቆረጠው። አንቺ’ኮ ታውቂዋለሽ። ጨርቅን አጥፈሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ለማስቀመጥ የምታጥፊበትና ለመስፋት የምትቆርጪበት ቦታ አንድ ነው?”

“አይደለም።”

“በቃ። ሁለቱም ውስጥ ‘ላሪንግ’ የምትል አለች። እሷ ግንዱ ናት፤ የሚነካው የሰውነት ክፍል። ማንቁርት ማለት ነው። ግንዱን ምን እንደሚያደርጉት የሚነግርሽ ደግሞ ጅራቱ ነው። ‘ስኮፒ’ ማየት ነው። ማይክሮስኮፕ፣ ቴሌስኮፕ ይባል የለ? ባለፈው ማንቁርቱን አዩት ማለት ነው። ‘ኤክቶሚ’ ደግሞ…”

አገጫቸው ሥር የነበረው የቲቸር መዳፍ ቀስ ብሎ ወረደና ሆዳቸው ላይ አረፈ።

“ምነው ቲቸር?”

“ይቺ ጅራት እኔም ጋ አለች” አሉ። የአስተማሪ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። “ማህፀኔን ያወጡልኝ ጊዜ ሂስተረክቶሚ ነበር ያሉኝ። የወንድሜ ልጅ ትርፍ አንጀቱን ሲያወጡለት አፔንደክቶሚ። ኤክቶሚ ማለት፣ ልጄ፣ ቆርጦ ማውጣት ነው።”

“ቁስሉን?”

“ቁስሉን ቢሆን የቁስሉ ስም ነበር ፊት የሚቆመው። የሚያወጡት ፊት የቆመውን ነው።”

ስልካቸውን ከቦርሳቸው አወጡ፤ መነጽራቸውን ፈለጉ፤ መዝገበ ቃላቱን ከፈቱ። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን አላየችም፤ እሳቸውን ነበር የምታየው። አንብበው ሲጨርሱ ስልኩን የስፌት መኪናው ላይ በፊቱ ደፉት።

“የድምፅ ሣጥን ነው የሚለው” አሉ። “ማነው የታመመው?”

“ጡሩምባ።”

ባሌ ማለት ሲገባት፣ ሰፈሩ የሚለው ከአፏ ወጣ። ቲቸር “ውይ ልጄን!” ብለው ሊያቅፏት ሲሉ እስፒሎቹ ሁለቱንም ወጓቸው። እሷ ግን ቦርሳዋን አንሥታ ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ተመለሰች፤ ቀሚሱን አየች፤ ጠርዙን አየች፤ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

“ተይው ቀሚሱን! አወልቄው እሄዳለሁ። ቁልፉን ለጫማ ሰፊው እተውልሻለሁ፤ ሂጂ!”

የባሏ ታላቅ ወንድም ብረት በያጅ ናቸው። ሆስፒታሉን ጠዋት ጎብኝተው፣ እንደማንኛውም ቀን፣ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ልብስ ሰፊዋ ስትደርስ አንድ የግቢ በር መሬት ላይ አጋድመው ብረት ይቆርጣሉ። መቁረጫ ማሽኑ ይጮኻል፤ የእሳት ብልጭታው እስከ ደጃፉ ይረጫል። ሁለት ሠራተኞች አጠገባቸው ይቀጠቅጣሉ።

“ጋሼ!” አለች።

አልሰሟትም።

“ጋሼ፣ ቁስሉን ብቻ አይደለም!”

አሁንም አልሰሙም። ቀረበች፤ ብልጭታው ጫማዋን ነካው። በሙሉ ጉልበቷ “የሚያወጡት ማንቁርቱን ነው!” ብላ ስትጮኽ፣ ማሽኑ ልክ በዚያች ቅጽበት ጠፋ። ቃሉ ጸጥ ባለው ቤት ውስጥ ብቻውን ጮኸ። ሠራተኞቹ መዶሻቸውን እንደያዙ ቀሩ።

ጋሼ መከላከያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አደረጉና ክንዷን ይዘው ግድግዳው ላይ ከተደገፉት ላሜራዎች ጀርባ ወሰዷት።

“ማን ነገረሽ?” አሉ።

“ምንድን ነው የምትዪው?” ቢሉ ኖሮ ትንሽ ተስፋ ይቀርላት ነበር።

“ያውቁ ነበር።”

“ካለፈው ሳምንት ጀምሮ። ሐኪሙ ነው የነገረኝ። ለራሱ ለታካሚው ማስረዳት አለብኝ አለ። የለም አልኩት። እኔ ነኝ ያሳደግሁት፣ አመሉን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ለእኔ ተውልኝ አልኩት። በኋላም ነግሬዋለሁ አልኩት። እሱም ቁስሉን ለማስጠረግ መስሎት ፈረመ።”

“አልነገሩትም’ኮ!”

“ምን ብዬ?” እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ፤ የተጠረገውን እጅ መልሰው ይጠርጋሉ። “ይሄ ነገር ካልወጣ ዓመት አይደፍንም ብሎኛል። ካወቀ ደግሞ ምን እንደሚል አንቺ ታውቂያለሽ። ድምፄን ከምሰጥ ነፍሴን ብሎ ጫማውን አጥልቆ ይወጣል። ጥርሱን ሊነቀል ሄዶ መርፌውን ሲያይ በመስኮት የዘለለ ሰው ነው! ይውጣለት። በሕይወት ይነሣልኝ። ከዚያ ከፈለገ ይርገመኝ።”

“በምን ድምፁ?”

ጋሼ እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ ተንገዳገዱና ላሜራው ላይ ተደገፉ። ብረቱ ተንኳኳ።

“ሐኪሙ ያውቃል” አለች እሷ። “እርስዎ ያውቃሉ፤ ቲቸር አወቁ፤ እነዚህ ልጆችም አሁን ሰሙ። ከእሱ በቀር ያልሰማ ማን ቀረ?”

“ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው” አሉ ጋሼ መሬት መሬት እያዩ። “ይሁና። ባዳ ሆኖ ይኑር። የአባታችንን ሞት ስንነግረው ትንሽ ልጅ ነበር፤ እኔ ነኝ የነገርኩት። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም። አንቺም ዛሬን ብቻ፣ እባክሽ፣ አፍሽን ሰብስቢልኝ። ነገ በዚህን ጊዜ አልፏል።”

ልብስ ሰፊዋ ላሜራዎቹን ዞራ ወጣች።

የጥየቃ ሰዓት እስኪደርስ ድረስ ማድረግ የምትችለው ነገር አልነበረም፤ አርፋ መቀመጥ ግን ጭራሽ አልቻለችም። የሆስፒታሉን አጥር ዞረችው። ብርቱካን ገዛች፤ መዋጥ እንደሚያመው ትዝ አላትና ለአንዲት አስታማሚ ሰጠቻት። እንደገና ዞረችው። ብትነግረው ሄዶ ይሞታል። ሞቱ በእሷ አፍ ይመጣል። ጋሼ ትክክል ቢሆኑስ? ሰው ባያውቀው የማይጎዳው ነገር የለም? ግን ደግሞ ነገ ሲነቃ ታየዋለች፤ አፉን ይከፍታል፤ ምንም። እንደገና ይከፍታል፤ ምንም። ያኔ ዓይኑን ወደ እሷ ያዞራል። ያንን ዓይን በየትኛው ዓይኗ እንደምታየው አጣች።

እቤት ሆኖ ዝም ብሎ አያውቅም። ራዲዮኑን ይከራከረዋል፤ ወጥ ሲሞቅ ድስቱን “ና ውጣ፣ ሞላህ” ይለዋል። አንዳንድ ጊዜ “እባክህ ለአንድ ደቂቃ ዝም በል” ብላ ትጮኽበት ነበር። ይቺ ትዝ ስትላት አጥሩን ይዛ ቆመች።

በሩ ሲከፈት ከሁሉም ቀድማ ገባች።

ጡሩምባ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጎረቤቱን፣ እግራቸው የታሸገውን ሽማግሌ፣ እያሳቀ ነበር። ድምፁ ወንፊት ላይ እንደሚነፋ ጠጠር ነው፤ ቢሆንም ያወራል።

“መጣች! አባባ፣ ይቺ ናት እንግዲህ። በመርፌ ሰውን መውጋት ሙያዋ ነው።” ወደ እሷ ዞረ። “አደረስሽው ቀሚሱን?”

“አላለቀም።”

“ምን ሆነሻል? ለምን አትቀመጪም?”

ትራሱን አስተካከለች። ብርጭቆውን አጠበች። ብርድ ልብሱን ሳበች፤ መልሳ ገፋችው። ኮሞዲኖው ላይ የነበረውን ትንሽ ቦርሳ ከፍታ በውስጡ ያለውን ሁለት ሸሚዝ አውጥታ እንደገና አጠፈችው።

“ስሚ” አላት። “በእኔ ቦታ ያቆሙትን ልጅ ትናንት አንድ ሾፌር በስልክ አሰማኝ። ዝናብ የመታው ፍየል ነው የሚመስለው! ሰው አውቶቡሱ ውስጥ የሚገባው አዝኖለት ነው። ግድ የለም፣ ጥቂት ሳምንት ነው። ጋሼ ቁስሉ ሲጠረግ ድምፅህ ከድሮው ይበልጣል ብሎኛል።” እጇን ያዘ። “ነገ ስነቃ መጀመሪያ የምጠራው አንቺን ነው። እዚህ እንዳትቆሚ። ኮሪደሩ ጫፍ፣ እዚያ ደረጃው ጋ ቁሚ። እስከዚያ ድረስ ካልደረሰ ገንዘቤን ይመልሱ!”

“አትጠራኝም” አለች።

ራሷም የሰማችው ከወጣ በኋላ ነው።

“እ?”

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ መቀመጧ ነበር።

“ነገ የሚያወጡት ቁስሉን ብቻ አይደለም። ማንቁርትህን ነው። ድምፅ የሚወጣበትን። ከዚያ በኋላ… ድምፅ የለህም።”

ሳቀ። “ማነው ያለሽ?”

“ቃሉ ነው ያለኝ። የባለፈው ማየት ነበር፤ የነገው ቆርጦ ማውጣት ነው። ፊታቸው አንድ ነው፤ ጅራታቸው ይለያያል። ጠይቄ አረጋገጥኩ።”

ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ የሚያነሣው ሰው ያጣ ዕቃ ይመስል ነበር። ከዚያ ሽማግሌው ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ጡሩምባ ይህን ሲያይ አመነ።

ጫማውን ከአልጋው ሥር ሳበና አጠለቀ። የሆስፒታሉን ፒጃማ እንደለበሰ፣ ኮቱን ደረበ። ወጣ። እሷ ሸሚዞቹን ቦርሳው ውስጥ ከተተች፤ የጥርስ ብሩሹን፣ ፎጣውን፣ ብርጭቆውን ጨመረችና ተከተለችው። “የት ነው?” አላለችውም።

ግቢው ውስጥ፣ ከዋናው በር ፊት ለፊት፣ ጋሼን ተገናኙ። በፔርሙዝ ሾርባ ይዘው እየገቡ ነበር። ወንድማቸውን ጫማ አድርጎ፣ እሷን ቦርሳ ይዛ ሲያዩ ቆሙ።

“ታውቅ ነበር?” አለ ጡሩምባ።

ጋሼ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ሊዋሹ እንደነበር ሁለቱም አዩ።

“አዎ” አሉ።

ያን ጊዜ ጡሩምባ ሰደባቸው። መናኸሪያ ያፈራውን ስድብ ሁሉ፣ የሾፌሩን፣ የረዳቱን፣ የሻንጣ ተሸካሚውን፣ አንዱንም ሳያስቀር፣ በዚያ በሻከረ ድምፁ፣ ድምፁ ሲቆረጥ ጉሮሮውን ጠርጎ እየቀጠለ ሰደባቸው። ጠያቂው ዞር ዞር እያለ ያያል። ጋሼ ፔርሙዙን ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

“ጨምር” ይሉ ነበር በየመሐሉ። “ጨምር፣ ልክ ነህ።”

ሲደክመው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። “ሞቴን ብደብቅብህ ደስ ይልሃል?” አለ ለስለስ ብሎ። “ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? እምቢ የምል ቢሆን እንኳ፣ እምቢታው የእኔ አይደለም?”

“እምቢ እንዳትል ፈርቼ ነው” አሉ ጋሼ። እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገባ።

ልብስ ሰፊዋ ሮጣ ተረኛዋን ሐኪም ጠራቻት። ወጣት ናት። መጥታ አግዳሚው ላይ፣ ከጎኑ ተቀመጠች። ወንድምዬው “ነግሬዋለሁ” ያሉት ውሸት እንደነበር ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ሁሉንም በቀስታ፣ በሚገባው ቋንቋ ነገረችው። አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ይተነፍሳል። ያለው ድምፅ አይመለስም። በመሣሪያ መናገር የሚለማመዱ አሉ፤ የድሮው ግን አይሆንም።

“ካልተደረገስ?”

“እያደገ መተንፈሻዎን ይዘጋዋል።”

“ሌላ መንገድስ?”

“ቀደም ብሎ ቢሆን የጨረር ሕክምና ነበር። አሁን አልፏል። ፊርማዎን ማንሣት ይችላሉ። ማንም አያስገድድዎትም። እስከ ጠዋት ያስቡበት።”

አመሰገናት። ከሄደች በኋላ ማውራት ጀመረ። ስለ ቀዶ ሕክምናው አልነበረም። ስለ አንድ ሾፌር ነበር፣ ፍሬን ሳይኖረው ሦስት ከተማ ስላለፈ። ስለ አንዲት ሴት፣ ዶሮዋ አውቶቡስ ውስጥ ጠፍታባት ሰው ሁሉ ወንበር ሥር ስለገባ። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይይዛል፤ ይተወዋል፤ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። እሷ ከዚህ በፊት የሰማቻቸው ናቸው። አላቋረጠችውም። ጋሼ ሾርባውን በክዳኑ ቀድተው ሰጡት፤ ተቀብሎ ያዘውና በያዘው ሳይጠጣ አወራ።

የጥበቃው ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ አጨበጨበ። “ጠያቂ ይውጣ! ሰዓት አልቋል!”

ወሬው ተቆረጠ። ሰው ወደ በሩ መጉረፍ ጀመረ። ጡሩምባ የሚወጡትን ያያል፤ ጫማ አጥልቋል፤ በሩ ክፍት ነው።

ጋሼ ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። “ለምኚው” አሉ በሹክሹክታ። “አንቺን ይሰማሻል።”

“አልለምነውም” አለች።

ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ወደ ቤትም ቢሆን ወደ ውስጥ፣ ዕቃው ተሸክፏል። እጆቿ ቦርሳው ላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀመጡ።

ጡሩምባ ሾርባውን አሁን ቀመሰው። ሲውጥ ፊቱን አኮማተረ።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አላት።

“ምን?”

“ነገ ሌሊት አንድ ነገር ቢያስፈልገኝ፣ ቢያመኝ፣ ውሃ ቢጠማኝ… ነርሶቹን በምንድን ነው የምጠራቸው?”

አልጋው አጠገብ ደወል ይኑር አይኑር አስተውላ አታውቅም።

“እኔ እንጃ” አለች። “ገብተን እንጠይቅ።”

ክዳኑን ለወንድሙ መለሰላቸው። ቦርሳውን ከጭኗ ላይ አነሣና ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ወደ ዋርዱ አቅጣጫ ቀደማት። ደረጃው ጋ ሌላ ጥበቃ እጁን ዘርግቶ ልብስ ሰፊዋን አገዳት።

“እህት፣ ሰዓት አልፏል። ጠያቂ አይገባም።”

ጡሩምባ ደረጃው ላይ ሆኖ ዞረ።

“ከእኔ ጋር ናት” አለው።

ጥበቃው እጁን አወረደ።